ታርጋ ያለው ጋሪ፣ ካርድ የሌለው ፈረስ

ሞጆ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ከደረቅ ወደቡ የወጡት ተሳቢዎች መንገዱን ሞልተው ይጎተታሉ። በእነሱና በአስፋልቱ ዳር መካከል በቀረችው ጠባብ ቦታ አንድ ጋሪ ሁለት ጆንያ ዱቄትና ሦስት ሰው ጭኖ ይሄዳል። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ድንገት ቆመ። በፊት እግሩ መሬቱን ይጭር ጀመር፤ አንገቱን አዙሮ ጎኑን አየ፤ መልሶ ጫረ።

ባለጋሪው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ!» ብሎ አለንጋውን ሁለቴ አሳረፈበት። ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፤ አንደኛው ሳይከፍል ሄደ።

ከሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ተነሡ። የአርሲ ደጋ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈረስ የሚያውቁት ከጋሪ በፊት በኮርቻ ነው።

«ተው አንተ ልጅ! አትምታው፣ ሆዱን ነው።»

«ጋሼ፣ ልግመኛ ነው እኮ! አያውቁትም።»

«ፈረስ ሲለግም ጎኑን አያይም። ፋንድያ የጣለው መቼ ነው?»

ልጁ ዝም አለ። የጋሪው ጎማ ስንት ጊዜ እንደተለጠፈ ያውቃል፤ የትናንት ገቢውን ከነሳንቲሙ ያውቃል። ፈረሱ መቼ ፋንድያ እንደጣለ ግን አያውቅም። ጠይቆትም የሚያውቅ ሰው የለም።

*

ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አላት፤ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት ናት። ነገሥታቷና የጦር አለቆቿ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት የሚያይ ሰው ይህ ሕዝብ ፈረስ አያውቅም ለማለት አይደፍርም። የዚያ ቀን ፈረስ በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ ተሽቆጥቁጦ፣ ጠግቦ፣ አንጸባርቆ ይወጣል።

የከተማው ጋሪ ፈረስ ግን ሌላ ፍጥረት ይመስላል። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ጫንቃው ላይ የማይድን ቁስል አለ፤ ከቁስሉ በላይ የተጣጠፈ ማዳበሪያ ኬሻ ተደርጓል። ሰኮናው ተሰነጣጥቋል። በዚህ መልክ አምስትና ስድስት ሰው፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ የሠርግ ወንበርና የቀብር ድንኳን ያመላልሳል። ከባጃጅ የረከሰ መጓጓዣ ለሚፈልገው ድሃ፣ ባጃጅ የማይገባበት ጭቃ ሰፈር ለሚኖረው ሁሉ እሱ ነው የሕዝብ ትራንስፖርቱ።

እዚህ ላይ ቶሎ የሚመጣው ፍርድ «ባለጋሪዎች ጨካኝ ናቸው» የሚል ነው። ምቹ ፍርድ ነው፤ ፈራጁን ከምንም አያነካካውምና። ፈረሱ ከታመመ ልጁ ማታ የሚበላው የለውም፤ ፈረሱ ከሞተ ደግሞ በቁጠባና በብድር የገዛው ሀብቱ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። በሬ እግሩን ቢሰበር ቢያንስ ታርዶ ይሸጣል። የወደቀ ፈረስ ሥጋው አይበላም፣ ከከተማ ዳር ተጥሎ የጅብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ንብረት ያለው ሰው ንብረቱን እያወቀ አይገድልም። የሚገድለው ሳያውቅ ነው፤ በብዛት የሚገድለው ደግሞ በአለንጋው ሳይሆን በመኖው ነው።

*

ነገሩ ከጨጓራ ይጀምራል። ብዙ ሰው ፈረስን ቀንድ የሌለው በሬ አድርጎ ያስበዋል፤ ሣር እስከበላ ድረስ ምን ልዩነት አለው ይላል። ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። በሬ ጠዋት በፍጥነት ውጦ፣ ቀን እየሠራ ወይም ጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። የአንድ ትልቅ ፈረስ ጨጓራ እንኳ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው፤ አጠር ያለው የአገራችን ፈረስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ያች ትንሽ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረ ሌት ተቀን አሲድ ታመነጫለች። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ነው፤ የፈረስ ምራቅ ደግሞ የሚመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 እና 17 ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ የሚውለው። ሆዳም ሆኖ አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው።

አሁን የጋሪውን ፈረስ ቀን አስቡት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ልጓም አፉ ውስጥ ይገባል። ማታ አንድ ሰዓት ይወጣል። በመሀል ያሉት አሥራ ሦስት ሰዓታት ባዶ ጨጓራና አሲድ ናቸው። ማታ ሲገባ የሚጠብቀው አንድ ጣሳ ፉርሽካ ነው። ፉርሽካውን ቢበዛ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ባዶ ግርግም ይልሳል።

ፉርሽካ መጥፎ ነገር አይደለም። ሞጆና አካባቢዋ የዱቄት ፋብሪካ ስለማያጡ በቀላሉ ይገኛል፤ ለመያዝም ይቀላል፣ ፈረሱም ይወደዋል። ችግሩ ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ደም ውስጥ ሚዛኑ ሲፋለስ ሰውነቱ ካልሲየም ከራሱ አጥንት እየቀነሰ ይወስዳል። ለወራት ፉርሽካ ብቻ የበላ ፈረስ አጥንቱ ይሳሳል፤ ያነክሳል፤ ሲብስ የፊቱ አጥንት ያብጣል። ፈረንጆች ይህን የወፍጮ ቤት ፈረሶች በሽታ ይሉት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የባለ ወፍጮዎቹ ፈረሶች የሚበሉት ፉርሽካ ነበራ። ሞጆም ዛሬ የሚያነክሰው ፈረስ ሁሉ ጠጠር ረግጦ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይብላ? መልሱ አስገራሚ በሆነ ሁኔታ ተራ ነው፦ ገፈራ። ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድ፣ የገብስ ገለባ፣ የታጨደ ሣር። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለሚሠራ ሲሆን ወደ ሁለት ተኩል ይጠጋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን የጋሪ ፈረስ ይህ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ነው። አብዛኛው ገፈራ መሆን አለበት። ፉርሽካውና ፋጉሎው፣ ከተገኘም ገብሱ፣ ለሥራው ጉልበት የሚጨመር ድጎማ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለማኘክ ፈረስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስድስቱን ኪሎ ለመጨረስ አራት ሰዓት ማለት ነው። ቀን ጊዜ ከሌለው ሌሊት አለው፤ ሌሊት እንዲበላ ግን ግርግሙ ውስጥ የሚበላ ነገር መኖር አለበት። አድአ የጤፍ አገር ነው። ከመከር በኋላ ጭዱ በክምር ይታያል፤ ክረምት ላይ ግን ዋጋው ይሰቀላል። በጥር ገዝቶ ማስቀመጥ የሚያዋጣ ቢሆንም ዕለታዊ ገቢ ለዕለት ጉርሱ የሚሆን ሰው የስድስት ወር ጭድ በምን አቅሙ ይገዛል? አንድ ማኅበር ሃምሳ ባለጋሪ ሰብስቦ ቢገዛ ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። የባለጋሪ ማኅበራት በየከተማው አሉ። ስብሰባቸው ላይ በብዛት የሚነሳው ታሪፍና ተራ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ በበረሃማ ሙቀት የሚሠራ ከዚያም ይበልጣል። በከተማ ግን ውሃ የጀሪካን ሂሳብ አለው። በዚያ ላይ ያላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል የሚል እምነት አለ፤ ብዙ ልጆች በዚህ ምክንያት ፈረሳቸውን ቀኑን ሙሉ አስጠምተው ያመሻሉ። የሚያመጣው ጉዳት ተቃራኒው ነው። የደረቀ ጭድ በደረቀ አንጀት ውስጥ ሲሄድ ይጠነክራል፤ ይቆማል። እየላበ የሚወጣው ጨውም መተካት አለበት፤ የአፋሯ አሞሌ ለከብት የምታገለግለውን ያህል ለፈረስም ታገለግላለች፤ ግርግም ዳር አስቀምጦ ማስላስ ነው።

ሦስተኛው ፌስታል ነው። ለዓይን የተቀመጠ ጉዳይ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም። እሁድ ከገበያ ጀርባ የተለቀቀ ፈረስ የጎመን ቅጠሉን ከነፌስታሉ ይበላል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የገባው ወደ ፊት ካልሄደ እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ግን በተለይ የዚህ አካባቢ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ቢሾፍቱና ዙሪያዋ የዶሮ እርባታ ሰፈር ናቸው። የዶሮ መኖ ትርፍና ጠራጊ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ለፈረስ የሚሰጥ አይጠፋም። በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል፤ ዶሮን ከኮክሲዲያ በሽታ ይጠብቃል። የፈረስን ልብ ጡንቻ ግን በጥቂት መጠን ይገድላል። ማታ የበላ ፈረስ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ «መድኃኒት አደረጉበት» ተብሎ ጎረቤት ይጠረጠራል። መድኃኒት መሆኑስ እውነት ነው፤ ያደረገበት ግን ጌታው ነው።

*

በሽታው ሁሉ ከመኖ ይመጣል ማለት ደግሞ ስህተት ነው። እንደ ሞጆ ባለ ሞቃታማ ወይና ደጋ ከተማ የጋሪ ፈረስን በሰፊው የሚያጠቃ አንድ የፈንገስ በሽታ አለ። ሐኪሞች ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ ይሉታል። ከቆዳ ሥር እንደ ተቋጠረ ገመድ ተከታትለው የሚሰለፉ እባጮች ናቸው፤ እግር፣ ደረት፣ አንገት ላይ ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ይመግላሉ። የሚገባው በቁስል ነው። ቁስሉን የሚፈጥረው ደግሞ የማይስማማ የጋሪ ዕቃ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውሩት ዝንብና በውሰት የሚሄደው ያው ዕቃ ናቸው። ገና ሁለት ሦስት እባጭ እያለ ከተያዘ በአዮዲን ሕክምና ሊድን ይችላል። ከተስፋፋ በኋላ ግን ተስፋው ጠባብ ነው። ብዙዎቹ ባለጋሪዎች ወደ ክሊኒክ የሚመጡት ፈረሱ መሳብ ሲያቅተው ነው። ያኔ የሚቀረው መንገድ ላይ መልቀቅ ነው፤ የተለቀቀው ፈረስ ደግሞ በየሠፈሩ እየዞረ ዝንቡን ለጤነኞቹ ያካፍላል።

ሌላው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ትንንሽ ነካሽ ዝንቦች ያስተላልፉታል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥረውና አረፋ በአፍንጫው ሲወጣ ጊዜው አልፏል። ለዚህ ክትባት አለ። የሚመረተውም ሩቅ አይደለም፤ ከሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ከተማ ነው። የአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና እውቀት የተከማቸበት ከተማ አስፋልት ላይ የቆሰለ ፈረስ ማየት እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ጥርስ የሚባለውንማ የሚያነሳ የለም። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድዱ እየወጣ ያልቃል፤ እኩል ካላለቀ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጣል። እያኘከ የተድቦለቦለ ሣር ከአፉ የሚጥል ወይም ፋንድያው ውስጥ ረጃጅም ጭድ የሚታይ ፈረስ «መብላት ጠላ» ይባላል። አልጠላም፤ አሞት ነው። በዓመት አንዴ አፉን ከፍቶ የሚያይና ጠርዙን በሞረድ የሚያስተካክል ባለሙያ ይበቃው ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ይከታተል? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ፖለቲካ የሚሆነው። በብዙ ከተሞች ጋሪ ታርጋ አለው። ታርጋ ያለው ስለሚከፈልበት ነው። ያለ ታርጋ የተገኘ ጋሪ ይያዛል፤ ዋና መንገድ ላይ የወጣ ይቀጣል፤ ከንቲባው እንግዳ ሲመጣበት ጋሪ በሙሉ ከከተማው መሀል ይጠረጋል። ታርጋው ግን የጋሪው ነው፤ ብረትና ጎማው ነው የተመዘገበው። ፈረሱ የክትባት ካርድ የለውም፣ ዓመታዊ ምርመራ የለውም፣ ታርጋ ሲታደስ «ፈረስህ ምን ይመስላል?» የሚል ፎርም የለም። መኪና እንኳ ቦሎ ለማግኘት ምርመራ ያልፋል። ጋሪ ታርጋ በሚያድስበት ቀን ፈረሱን ለአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት፣ ክትባቱን መውሰድ፣ ቁስል ካለበት ሳይታከም አለመሥራት፤ ይህ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱን ወደ ፈረሱ መመለስ ነው።

«ለሰው ያልተሟላ ሕክምና ለፈረስ?» የሚል አይጠፋም። ጋሪውን የሚነዳውም፣ የሚሳፈርበትም ሰው ነው። ደግሞም ይህ አገር ለጋማ ከብት ሲቆጣ ታይቷል። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተ የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቁጣው ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሕይወት ያሉት አህዮችና ፈረሶች ጭነታቸውን ይዘው ቀጠሉ፤ ለእነሱ የወጣ ሰልፍ የለም። ታርዶ መሄዱ ነውር ሆነ፤ ተርቦ መውደቁ ልማድ ሆኖ ቀረ።

*

ወደ ሞጆው ዳማ እንመለስ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዙሪያውን ሰው ሞላው፤ መድኃኒት አዋቂም እንደዚያው። አንዱ አረቄ በአፉ አፍስሱለት አለ። ሌላው የኦሞ ውሃ በአፍንጫው አለ። ሽማግሌው ሁለቱንም ከለከሉ፤ በግድ የተጋተ ነገር ወደ ሳንባ ከሄደ ሆዱ ቢድን እንኳ ሳንባው ይገድለዋል። ልጓሙን አስወለቁ፣ ከጋሪው አስፈቱት። ሊንከባለል ሲል ልጁ ገመዱን ይዞ ቀስ እያለ አዞረው። የተደወለለት የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሞተር ሳይክል ሲደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የሕመም ማስታገሻ ወጋው፤ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አድርጎ ጨጓራው መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ዘይትና ለብ ያለ ውሃ አወረደለት።

«ምን አበላኸው?» አለው።

«ፉርሽካ። ማታ።»

«ውሃስ?»

«ትናንት ጠዋት... ይመስለኛል።»

ባለሙያው አልተቆጣም። ሦስት ቃል ተናግሮ ዕቃውን ሰበሰበ፦ «ገፈራ፣ ውሃ፣ ጊዜ።» ክፍያው የልጁን የሁለት ቀን ገቢ ወሰደ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ፈረሱን ሲያዩ ዋሉ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ዳማው ጅራቱን አነሣ። የወጣው ፋንድያ ጥቁርና ድንጋይ የመሰለ ነበር፤ መሀሉ ላይ የሰማያዊ ፌስታል ጭራ ይታያል። «ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው ጮክ ብለው። መንገደኛው ዞር ብሎ አያቸው፤ ለፋንድያ ተመስገን የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅ ይሆናል።

ፈረሱ ሦስት ቀን አረፈ። ልጁ ሦስት ቀን ተበድሮ በላ። በአራተኛው ቀን ጋሪው ላይ አንድ አዲስ ዕቃ ተጨምሯል፦ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የኬሻ ከረጢት፣ ውስጡ ጭድ ያለበት። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ አንድ ቢጫ ጀሪካን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላ ፈልጎ ቆመ፣ ልጓሙን አወለቀ፣ ከረጢቱን አጠለቀለት። ተራ የሚጠብቁት ጓደኞቹ ሳቁበት።

አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«ልጄ፣ ትሄዳለህ?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ እማማ፣ ምሳ ላይ ነው።»

ሴትየዋ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። እጁ ባዶ ነው።

«ማን?»

«እሱ» አለ፣ በአገጩ ወደ ዳማው እያመለከተ።